«አስተያየታችሁን ስጡን» ብለው ነበር

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን እንዳነብ ያስለመደችኝ ባለቤቴ ናት። ዛሬ የምጽፍልዎት ደግሞ ከእሷ ጋር ስላልተስማማን ነው።

የምኖረው ሳን ሆዜ ነው። በአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ኢንጂነር ሆኜ ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያለሁት በኤች ዋን ቢ፣ በቀጣሪ በኩል በሚገኝ የሥራ ቪዛ፣ ነው፤ የግሪን ካርዱ ጉዳይ ገና በሂደት ላይ ነው። ቲማችን ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ነን። ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። ሴቶቹ ሁለት ናቸው።

ባለፈው ወር ስለ ብዝኃነት የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ስትጨርስ «አስተያየታችሁን በነጻነት ጻፉልን፤ ሁሉንም እናነባለን» አለች። እኔም ልጆቹን እያስተኛሁ ሦስት ሌሊት አምሽቼ አራት ገጽ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ስለ ራሴ ናቸው። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ ቡና እየቀዳ «አንተ የገባኸው በየትኛው ፕሮግራም ነው?» አለኝ። ክፋት የለውም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን እንደማንኛውም ሰው አምስት ዙር ኢንተርቪው አልፌ ነው የገባሁት። ይህ የቅጥር ዒላማ የሚሉት ነገር፣ ከጥቁሮችና ከሴቶች ይህን ያህል እንቅጠር የሚለው፣ ያለ ጥፋቴ አንገቴን አስደፍቶኛል። ሦስተኛውና አራተኛው ገጽ ሴቶች በዚህ ሙያ ለምን እንደሚያንሱ ነው። ከተፈጥሮ ጋር የሚያያዝም ነገር እንዳለ አምናለሁ። ጥናቶችም ጠቅሻለሁ።

ባለቤቴ አነበበችውና «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተወው» አለችኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «አንተ ጥቁር ነህ፤ ማን ይነካሃል? ላከው» ይለኛል። አሜሪካ ሐሳብን በነጻነት የሚገልጹባት አገር አይደለችም እንዴ? ልላከው ወይስ ልተወው?

ግራ የገባው፣ ከሳን ሆዜ

መልስ

ወንድሜ፣ አትላከው። እንዳለ አትላከው ማለቴ ነው። ግማሹ ሊላክ ይችላል፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጓደኛህ። ሸጋ ሰው ይሆናል። እንግዳ ሲመጣብህ ኤርፖርት ድረስ የሚሄድልህ ዓይነት። የሕግ ምክር ግን አትጠይቀው። «ጥቁር ስለሆንክ አይነኩህም» የሚለውን ወሬ በኤችአር (በሰው ኃይል ክፍል) በሠራሁባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ሲነኩም አይቻለሁ። ዕቃቸውን የሚከቱበትን ካርቶን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ የመናገር ነጻነቱ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ቀጣሪህን አይመለከትም። የግል ኩባንያ፣ ካሊፎርኒያም ውስጥ ቢሆን፣ ሕግ በግልጽ ካልከለከለው በቀር በፈለገው ምክንያት ሊያሰናብትህ ይችላል። ምክንያት ባይሰጥህም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ነጻነት አለኝ ወይ?» አይደለም። «የጻፍኩትን የሚጠብቅ ሕግ አለ ወይ?» ነው። ለየትኛው ገጽ አለ? ለየትኛው የለም?

አንተ የጻፍከውን ከአንተ በፊት የጻፈ ሰው አለ። ጄምስ ዳሞር ይባላል፤ የጉግል ኢንጂነር ነበር። በፈረንጆቹ 2017 እሱም እንዳንተ የብዝኃነት ፕሮግራም ላይ ተካፈለ። እሱም እንዳንተ አስተያየት ስጡ ተባለ። ወደ ቻይና ሲበር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት በሚፈጀው በረራ፣ አሥር ገጽ ጻፈ። መጀመሪያ የላከው ለፕሮግራሙ አዘጋጆች ነበር። ብዙም ምላሽ አላገኘም። ከዚያ በኩባንያው የውስጥ መድረኮች አጋራው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ በጉግል ሠራተኞች መካከል እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ቅዳሜ ኦገስት 5 ጋዜጠኞች እጅ ገብቶ ታተመ። ሰኞ ኦገስት 7 ተባረረ።

ያንን ሰኞ አልረሳውም። እኔ ጉግል አልሠራም፤ ከዚያ ብዙም የማይርቅ ሌላ ኩባንያ ነበርኩ። ጠዋት ስገባ ኮሪደሩ ላይ ያለው ፕሪንተር አሥር ገጽ ተፍቶ ተቀምጧል። ያተመው ሰው ረስቶታል፤ ወይም ሆን ብሎ ትቶታል። ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሰው በሬን አንኳኳ። አንደኛዋ ሴት ኢንጂነር ናት። ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «እኛስ ቤት እንዲህ የሚያስቡ ስንት ናቸው?» አለች። ሁለተኛው ወንድ ነው። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአንዳንዱ ነገር ብስማማ እባረራለሁ?» አለኝ። ለሁለቱም አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ለእሱ «ለማንም አልነግርም» አልኩት። ለእሷ ውኃ አቀረብኩላት።

አሥሩንም ገጽ አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የተጣላው። ሁሉም ገጽ ድፍን ጥላቻ አልነበረም። አለቆች ስለ ብዝኃነት የተለየ ሐሳብ መስማት አይፈልጉም ይላል። ሥራውን በጋራ የሚሠራ ብናደርገው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ብንፈቅድ ሴቶች ይበዛሉ ይላል። ይኼ ሊከራከሩበት የሚገባ ሐሳብ ነው። ከዚያ ግን ወደ ተፈጥሮ ገባ። ሴቶች በአማካይ ለጭንቀት የቀረቡ ናቸው አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ኒውሮቲሲዝም» የሚሉትን ቃል ተጠቀመ። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቃሉ ልኬት ነው። ጎንህ የምትቀመጥ ሴት ስታነበው ስድብ ነው። አማካይ ስለ አንድ ሰው አይናገርም ብሎ ራሱ ጽፏል፤ ልክ ነው። ግን በዚያ ዓመት በጉግል የቴክኒክ ሥራ ላይ ከነበሩት ሴቶቹ 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። እያንዳንዷ ሥራዋን የሚገመግመው ባልደረባዋ ጽሑፉን ሲያነብ ራሱን ነቅንቆ ይሁን አይሁን አታውቅም። ያኔ ጉግል ውስጥ ደግሞ ዕድገት የሚወሰነው ባልደረቦች በሚሰጡት ግምገማ ጭምር ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሐሳብ ክርክር የወጣው።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሱንዳር ፒቻይ ዕረፍቱን አቋርጦ ተመለሰ። ለሠራተኛው በጻፈው ደብዳቤ አብዛኛው ጽሑፍ ለክርክር የሚገባ እንደሆነ አመነ። በሴቶች ላይ ጎጂ አመለካከት የሚያራምደው ክፍል ግን የሥነ ምግባር ደንቡን ጥሷል አለ።

አሁን ለአንተ የሚጠቅምህ ክፍል ላይ ደረስን። ዳሞር የሠራተኛና የአሠሪን ጉዳይ ለሚያየው የመንግሥት አካል፣ ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ፣ አቤት ብሎ ነበር። በ1935 የወጣ ሕግ አለ። ሠራተኞች ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ ሥራ ሁኔታ እርስ በርስ ቢነጋገሩ ወይም በጋራ ቢያቀርቡ አሠሪው እንዳይቀጣቸው ይከለክላል። ማኅበር ባይኖራቸውም። የቦርዱ ሕግ ባለሙያ በጃንዋሪ 2018 አስተያየት ጻፈች። ከጽሑፉ ጥበቃ የሚገባው ክፍል ሊኖር እንደሚችል አልካደችም። ስለ ጾታ ተፈጥሮ የተጻፈው ግን አድሏዊና ሥራን የሚያውክ ስለሆነ ጥበቃ የለውም፤ የተባረረውም በዚያው ብቻ ስለሆነ ስንብቱ ሕጋዊ ነው አለች። እንዴት «በዚያው ብቻ» እንደሆነ አወቀች? ኩባንያው የስንብት ቃሉን በጥንቃቄ መርጦ ነበር። የምናሰናብትህ በዚህ ክፍል ምክንያት ነው፤ ፖሊሲያችንን ስለተቃወምክ አይደለም ብለው ለይተው ነግረውታል። እኔ በሙያው ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝና ያንን አጻጻፍ ሳነብ «ይህን የጻፈ ጠበቃ ደመወዙ ይገባዋል» አልኩ።

ዳሞር ለቦርዱ ያቀረበውን አቤቱታ መልሶ ወሰደ። ፍርድ ቤትም ሄዶ ነበር፤ ነጮችን፣ ወንዶችንና ወግ አጥባቂዎችን ያገላሉ ብሎ። ጉዳዩ በ2020 በሁለቱ ወገኖች ጥያቄ ተዘጋ። ካሊፎርኒያ ሠራተኛን በፖለቲካ እንቅስቃሴው መቅጣት የሚከለክል የቆየ ሕግ አላት፤ ክሱ እሱንም ጠቅሶ ነበር። ነገር ግን የቢሮ ጽሑፍ በዚያ ሕግ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው በዚህ ጉዳይ ሳይፈረድበት ቀረ። ስለዚህ ያንን ሕግ ይዘህ አትኩራ።

እንግዲህ ገጾችህን እንከፋፍላቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ገጽህ ስለ አቀጣጠርና በሥራ ቦታ ስለደረሰብህ ነገር ነው። የሥራ ሁኔታ ነው። ብቻህን ከምታቀርበው ደግሞ እንዳንተ የተሰማቸውን አንድ ሁለት ባልደረቦች ይዘህ ብታቀርበው ሕጉ የበለጠ ይቀርብሃል፤ ሕጉ የተጻፈው በጋራ ለሚናገሩ ነውና። አንድ ነገር ብቻ አጣራ። በሥርህ የምታዛቸው ሰዎች ካሉ፣ ማለትም ሱፐርቫይዘር ከሆንክ፣ ይኸው ሕግ አይሸፍንህም።

ሦስተኛውና አራተኛው ገጽ የዳሞር ገጽ ነው።

ሕጉን እንኳ እንተወው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቲማችሁ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ ብለኸኛል። ገጽ ሦስትን ከፊታቸው ቆመህ፣ ዓይናቸውን እያየህ፣ ጮክ ብለህ ታነበዋለህ? ካነበብከው በኋላ የነገውን ኮድህን የምትገመግመው አንዷ ብትሆንስ? አንተን ያ ሰው ቡና እየቀዳ «በየትኛው ፕሮግራም ገባህ?» ብሎህ አራት ዓመት ሙሉ አልረሳኸውም። እሱ የጠየቀህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንተ ለእነሱ ያዘጋጀኸው ሁለት ገጽ ነው።

ተቆጣሁ መሰለኝ። ይቅርታ። ወደ ሌላ ነገር ልውሰድህ።

እኔም ራሴ «አስተያየት ስጡ» ተብዬ ሰጥቻለሁ። በ2011 ነው፤ ኤችአር ውስጥ ገና ዝቅተኛዋ ነበርኩ። የሠራተኛ መጠይቅ መጣ። ከላይ በደማቁ «ስም አይጻፍም፤ ማንነትዎ አይታወቅም» ይላል። ደስ አለኝ። በደንብ ጻፍኩ። ትልልቅ ስብሰባዎች የሠራተኛውን በዓላት እያዩ ይያዙ፤ ለምሳሌ ዘንድሮ የዓመቱ ዕቅድ ስብሰባ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ስቅለት ቀን ላይ ወድቆ እየሰገድኩ መዋል ሲገባኝ የሰው ሳንድዊች ሳይ ዋልኩ አልኩ። በሳምንቱ አለቃዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ፈገግ እያለ «መጠይቁን አነበብነው፤ ስቅለት ስለተባለው ቀን ይቅርታ» አለኝ። ኩባንያው ውስጥ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ! ስሜን በትልቁ ብጽፈው ይሻል ነበር። አለቃዬ ቅን ሰው ሆኖ ነው እንጂ እዚያው መጠይቅ ላይ ስለ እሱም የጻፍኩት ነገር ነበረ።

አንተም አሥራ አራት ሰው ባለበት ቲም ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ነህ። «ስም አይጠቀስም» ቢሉህም ስምህ ተጠቅሷል።

አሁን ደግሞ የጓደኛህን «ማን ይነካሃል» በሌላ በኩል ላሳይህ። ትምኒት ገብሩን ሳታውቃት አትቀርም። አዲስ አበባ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወለደች፤ በጦርነቱ ጊዜ ገና በልጅነቷ ተሰደደች፤ ስታንፎርድ ዶክትሬቷን ሠራች። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያወጣችው ጥናት ፊት የሚለዩ ፕሮግራሞች ጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ ነጭ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከአንድ በመቶ በታች መሆኑን አሳየ። ጉግል ውስጥ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥነ ምግባር ቡድን ተባባሪ መሪ ነበረች። በ2020 መጨረሻ ላይ ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ ከሌሎች ጋር የጻፈችውን ጥናት እንድታነሳ ወይም የጉግል ሠራተኞችን ስም እንድታወጣ ተጠየቀች። እሷም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ለሥራ ባልደረቦቿ ቡድንም ኢሜይል ጻፈች። ኢሜይሉ ስለ ብዝኃነት ነው። ሰነድ መጻፋችሁን ተዉ፤ ለውጥ አያመጣም የሚል ሐሳብ አለበት። ዲሴምበር 2 የኩባንያው አካውንቷ ተዘጋ። ዕረፍት ላይ ነበረች። እሷ ተባረርኩ አለች። ኩባንያው ሥራ እለቃለሁ ስላለች ተቀበልን አለ።

ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የጉግል ሠራተኞች ተቃውሞ ፈረሙ። ፒቻይም፣ ያው የ2017ቱ ሰው፣ በሁኔታው ማዘኑን ገልጾ ጻፈ። ሥራዋ ግን አልተመለሰም። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም ከፈተች። የሥራ ባልደረባዋ ማርጋሬት ሚቼል ደግሞ በፌብሩዋሪ 2021 ተሰናበተች፤ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ፋይሎችን ወደ ውጭ አውጥታለች የሚል ነው። ይህን አትርሳ። የኩባንያ ሰነድ ወደ ግል ኢሜይልህ እንዳትልክ። በሐሳብህ ሊያባርሩህ የከበዳቸው ጊዜ በፋይሉ ይመጡብሃል።

ዳሞር ሲባረር ያጨበጨቡ ብዙ ሰዎች ትምኒት ስትባረር አለቀሱ። ሁለቱን አንድ ናቸው እያልኩህ አይደለም። ለእኔ የሷ ጥናት ነው፤ የሱ ደግሞ ስለ ባልደረቦቹ ተፈጥሮ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የዘጋው እጅ ግን ያው አንድ እጅ ነው። ዳሞርን ሲቃወም የነበረ ሌላ የጉግል ኢንጂነርም በ2018 ከሷል፤ ዘረኝነትን በመቃወም በጻፍኩት ተባረርኩ ብሎ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ከእስራኤል መንግሥት ጋር የተገባውን ውል በመቃወም ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው የዋሉ ሠራተኞች ነበሩ። መጀመሪያ 28ቱ ተባረሩ፤ ከዚያ ሌሎች ተጨመሩ። ግራም ቀኝም ብትሆን፣ ጥቁርም ነጭም ብትሆን፣ ኩባንያ «ልባችሁን ክፈቱልን» ሲል ልቡን ሳይሆን በሩን ነው የሚያስበው።

ስለ ቅጥር ዒላማውም አንድ ነገር ልበልህ። አራት ገጽ የጻፍክበት ነገር ምናልባት ከአንተ በፊት ሄዷል። በጃንዋሪ 2025 አዲሱ አስተዳደር በብዝኃነት ፕሮግራሞች ላይ ትእዛዝ ካወጣ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች ዒላማቸውን ሰርዘዋል፤ ጉግልም በፌብሩዋሪ ሰርዟል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በዚያው ዓመት ጁን ላይ በአንድ ድምፅ የወሰነው አለ። ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ሰው አድልዎ ደረሰብኝ ሲል ከሌላው የበለጠ ማስረጃ አይጠየቅም። የኩባንያህን ወቅታዊ ፖሊሲ ፈልገህ አንብብ። የሌለ ግድግዳ ስትገፋ እንዳትወድቅ።

ቪዛህስ? ኤች ዋን ቢ ላይ ሆነህ ሥራ ካጣህ ያለህ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማመልከቻ ካላስገባልህ ወይም ሌላ መንገድ ካላገኘህ ሻንጣ ነው። ግሪን ካርዱም በሂደት ላይ ነው አልክ። ባለቤትህ «ተወው» ያለችህ ፈርታ ብቻ አይመስለኝም፤ ቀኑን ቆጥራ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩህ በኋላ ዝም በል አልልህም። ያ የቡና ማሽን ጥያቄ መነገር አለበት። ሦስተኛውንና አራተኛውን ገጽ አጥፋ። ሁለቱን ገጽ ወደ አንድ ገጽ አሳጥረው። «ዒላማ ስሕተት ነው» ብለህ አትጀምር። ምን እንደተባልክ፣ መቼ፣ ከዚያ ወዲህ ሪቪው ላይ፣ ስብሰባ ላይ ምን እንደተሰማህ ጻፍ። የሰውየውን ስም አትጻፍ። ከዚያ አንድ የሚሠራ ነገር ጠይቅ። ለምሳሌ ማኔጀሮች አዲስ ሰው ሲያስተዋውቁ ያለፈባቸውን ፈተናና የሠራቸውን ሥራዎች ይናገሩ። ይህ ለአንተም ለሁለቱ ሴቶችም ይጠቅማል። እንዲያውም ሳትልከው በፊት ለእነሱ አሳያቸው። ቡና እየቀዳ የጠየቃቸው ሰው የለም ብለህ ታስባለህ? እነሱም «እኛም ደርሶብናል» ካሉ አብራችሁ ፈርሙ። ያኔ ያ የ1935 ሕግ ጎናችሁ ይቆማል።

የጻፍከው በኩባንያው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ «አላክኩትም» ብለህ አትተኛ። እዚያ ያለ ነገር የእነሱ ነው፤ ማየትም ይችላሉ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ጥያቄ

ውድ እትዬ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በአንድ ሆቴል ክፍል አጽጂ ነኝ። ሦስት ሐበሾች አብረን እንሠራለን። አዲሷ ሱፐርቫይዘራችን «ሥራ ቦታ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይወራም» አለችን። ምሳ ሰዓትም ጭምር! «ስለ እንግዶች የምታሙ ይመስላል» ትላለች። ደግሞ ደመወዛችሁን እንዳትነጋገሩ ብላናለች። አንዷ ከእኔ አንድ ዶላር ከሃምሳ የበለጠ እንደምታገኝ የሰማሁት በቅርቡ ነው። ዝም ልበል?

ጽጌ ነኝ ብትሉኝ ይበቃል

መልስ

ጽጌዬ፣ ይህ ከወንድምሽ ጥያቄ ቀላል ነው።

ደመወዝ መነጋገር መብትሽ ነው። ያ ከላይ ያልኩት የ1935 ሕግ በግልጽ የሚጠብቀው ነገር ይኸው ነው። «እንዳትነጋገሩ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ሕግ መጣስ ነው። ማኅበር አያስፈልግሽም፤ ዜግነትም አያስፈልግሽም።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የቆየ መመሪያ አለው። ቀኑን ሙሉ፣ ዕረፍትንም ጨምሮ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ደንብ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሥር ነው፤ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይመለከታል። ሥራው ሲያስገድድ ግን ይችላሉ። እንግዳ ፊት ስትቆሚ፣ ወይም ኬሚካል ስትቀላቅሉ ሁሉም መረዳት ሲኖርበት እንግሊዝኛ ቢጠይቁሽ አትከራከሪ። ምሳ ላይ ምን የሚያስገድድ ሥራ አለ? ጎመን በእንግሊዝኛ አይታኘክ።

መጀመሪያ በትሕትና «ደንቡን በጽሑፍ ማየት እችላለሁ?» በያት። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የለም። ወረቀቱ ከሌለ ዋናው ማኔጀር ጋ ሦስታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ አንቺ ብቻሽን አትሂጂ። አብራችሁ መሄዳችሁ ራሱ ጥበቃ ነው። የማይሰሙ ከሆነ ለኮሚሽኑ አቤቱታ የሚቀርብበት ቀነ ገደብ አለው። ከደረሰብሽ ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ በብዙ ግዛቶች 300 ድረስ ይሄዳል። አንቺ ግን በ180ው ያዢው።

ትንሽ ደብተር ግዢ። የኩባንያው ሳይሆን የራስሽ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንዳለች፣ ማን እንደሰማ በአማርኛ ጻፊ። ቤት አስቀምጪው፤ የሆቴሉ ሎከር ውስጥ እንዳትተዪው።